ዊሊያም ኦስለር፦ በቆዳ ላይ የሚታየውን ምልክት ከውስጥ ደዌ ጋር ያገናኙት ሐኪም

በአውሮፓውያኑ 1901 በአሜሪካዋ ባልቲሞር ከተማ የሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የሕክምና መጽሔት ስለ ሦስት ሕመምተኞች የሚናገር ጽሑፍ ይዞ ወጣ። ከሦስቱ ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው። ሦስቱንም ያስጨነቃቸው ዘወትር የሚመላለስባቸው ነስር ነበር። በፊታቸው፣ በከንፈራቸውና በምላሳቸው ላይ ደግሞ ትናንሽ ቀያይ ነጠብጣቦች ይታዩ ነበር።

ነስር በየቤቱ የሚያጋጥም ነገር ነው። ፊት ላይ የሚወጣን ቀይ ነጥብም ብዙ ሰው እንደ መልክ እንከን እንጂ እንደ ሕመም አይቆጥረውም። የጽሑፉ ደራሲ ግን ሁለቱን አንድ ላይ አዩዋቸው። ከንፈር ላይ የሚታየውና አፍንጫ ውስጥ ተደብቆ የሚደማው አንድ ነገር መሆኑን፣ እርሱም ከመጠን በላይ የሰፉ ቀጫጭን የደም ሥሮች መሆናቸውን፣ ችግሩም በቤተሰብ ውስጥ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ መሆኑን አስረዱ።

ደራሲው ዊሊያም ኦስለር ይባላሉ። በዘመናቸው በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ከእርሳቸው የበለጠ ስሙ የሚነሳ ሐኪም አልነበረም ማለት ይቻላል። ከዚያ ጽሑፍ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ስለ ሌላ ደዌ ጽፈው ነበር። ይህም ቆዳን የሚያጠነክረውና የሚያጠብቀው፣ ስክለሮደርማ የሚባለው ሕመም ነው።

አንዱ ጽሑፍ ስለ ሰፉ የደም ሥሮች፣ ሌላው ስለ ጠነከረ ቆዳ ነበር። ሁለቱ ምልክቶች በአንድ ሰው ገላ ላይ ሊገናኙ እንደሚችሉና ሲገናኙም የራሳቸው ትርጉም እንዳላቸው በግልጽ የተጻፈው ግን ኦስለር ከሞቱ ከ45 ዓመታት በኋላ ነው። የተጻፈውም በዚያው ሆስፒታል፣ በዚያው መጽሔት ላይ ነበር።

የቄሱ ልጅ

ኦስለር ሐምሌ 1849 ዛሬ ኦንታሪዮ በሚባለው የካናዳ ግዛት፣ ቦንድ ሄድ በተባለች የገጠር መንደር ተወለዱ። አባታቸው ፌዘርስቶን ኦስለር ቀድሞ በብሪታኒያ ባሕር ኃይል ያገለገሉ፣ ኋላም የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ቄስ ሆነው ከደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ወደ ካናዳ ጫካማ ምድር የተሻገሩ ሰው ነበሩ። እናታቸው ኤለን ፒክተን ዘጠኝ ልጆች ወልደዋል። ዊሊያም ከወንዶቹ የመጨረሻው ነበሩ።

በልጅነታቸው ጨዋታና ተንኮል የሚወዱ፣ በዚሁም ጠባያቸው ከትምህርት ቤት እስከ መባረር የደረሱ ነበሩ። ይህ የቀልድ ፍቅር እስከ እርጅናቸው አልተለያቸውም። በጎልማሳነታቸው በሐሰተኛ የብዕር ስም የፈጠራ የሕክምና ታሪኮችን ጽፈው ለመጽሔት አዘጋጆች እስከ መላክ ደርሰዋል።

ሕይወታቸውን ያቃናው ግን አንድ መሣሪያ ነው። በአዳሪ ትምህርት ቤት ሳሉ የትምህርት ቤቱ መሥራች የነበሩት ቄስ ዊሊያም ጆንሰን ማይክሮስኮፕ አሳዩዋቸው። ኩሬ ውኃ፣ የእንጨት ሽበት፣ የነፍሳት ክንፍ በዚያ መስታወት ሥር ሌላ ዓለም ሆነው ታዩ። ወጣቱ እንደ አባታቸው ቄስ ለመሆን በቶሮንቶ የሥነ መለኮት ትምህርት ቢጀምሩም፣ በዓመቱ ትተውት ወደ ሕክምና ዞሩ። በ1872 በሞንትሪያል ከሚገኘው የመጊል ዩኒቨርሲቲ በሐኪምነት ተመረቁ።

ከዚያም ወደ ለንደን፣ ወደ በርሊንና ወደ ቪየና ተጓዙ። በለንደን ቤተ ሙከራ ውስጥ ደም በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ፣ ከቀይና ከነጭ የደም ሕዋሳት የተለዩ ጥቃቅን ነገሮች ሲንሳፈፉ አስተዋሉ። ዛሬ ፕሌትሌት የሚባሉትን፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን የደም ክፍሎች ቀድመው አስተውለው ከገለጹ ሰዎች መካከል ስማቸው የሚጠራው በዚህ ምክንያት ነው። ያን ጊዜ ገና የ24 ዓመት ወጣት ነበሩ።

ከአስከሬን ክፍል እስከ ሕመምተኛው አልጋ

ወደ ሞንትሪያል ሲመለሱ በመጊል መምህር ሆኑ። በሆስፒታሉ የፈንጣጣ ሕሙማን ክፍል ሠርተዋል፤ ደዌው እርሳቸውንም ይዞ በቀላሉ ለቋቸዋል። የቀረውን ጊዜያቸውን ያሳለፉት በአስከሬን ምርመራ ክፍል ነበር። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሟቾችን በገዛ እጃቸው መርምረዋል። በሕይወት ሳለ በሕመምተኛው ላይ የታየው ምልክት ከሞት በኋላ በሰውነቱ ውስጥ ከተገኘው ጉዳት ጋር እንዴት እንደሚገናኝ የተማሩት በዚያ ነው።

ይህ ልማድ የኦስለርን ዓይን ሠራው። ከውጭ የሚታየው ነገር ሁሉ ከውስጥ ምክንያት አለው ብለው ያምኑ ነበር። የጥፍር ቅርጽ፣ የምላስ መልክ፣ የጣት ጫፍ ላይ የምትወጣ የምታምም ትንሽ እባጭ ሁሉ ለእርሳቸው መልእክት ነበራቸው። በልብ የውስጥ ሽፋን ኢንፌክሽን በተያዙ ሰዎች ጣት ላይ የሚወጣው እባጭ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

በ1884 ወደ ፊላደልፊያ፣ በ1889 ደግሞ አዲስ ወደተከፈተው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ተዛወሩ። በዚያም የውስጥ ደዌ ሕክምና ዋና ኃላፊ ሆኑ። በዘመኑ በአሜሪካ ብዙ የሕክምና ተማሪዎች አንድም ሕመምተኛ በቅርብ ሳያዩ፣ ከአዳራሽ ወንበር ላይ ተቀምጠው ትምህርት ሰምተው ይመረቁ ነበር። ኦስለር ተማሪዎቻቸውን ወደ ሕሙማን ክፍል አስገቧቸው። ለእያንዳንዱ ተማሪ ሕመምተኞች ተመደቡለት፤ ታሪካቸውን እንዲጠይቅ፣ ገላቸውን እንዲመረምር፣ ደማቸውን በማይክሮስኮፕ እንዲያይ ተደረገ። አዲስ ሐኪሞች በሆስፒታሉ ውስጥ እየኖሩ ደረጃ በደረጃ የሚሠለጥኑበት ሥርዓትም በዚያ ጊዜ ሥር ሰደደ። ዛሬ በጥቁር አንበሳም ሆነ በናይሮቢ አንድ መምህር ተማሪዎቻቸውን አስከትለው ከአልጋ ወደ አልጋ ሲያልፉ የሚከተሉት ልማድ፣ ኦስለር ካስፋፉት የማስተማር ዘዴ ጋር የተዛመደ ነው።

በ1892 ብቻቸውን የጻፉት የውስጥ ደዌ ሕክምና መጽሐፍ ታተመ። መጽሐፉ ለአሥርት ዓመታት የሐኪሞች ዋና መማሪያ ሆኖ ዘለቀ። ካስገኘለት ዝና አንዱ ምክንያት እውነተኛነቱ ነው። ኦስለር ስለ እያንዳንዱ ሕመም መልክና አካሄድ በጥልቀት ከገለጹ በኋላ፣ መድኃኒት የሌለውን የለውም ብለው በግልጽ ይጽፉ ነበር። የባለጸጋው የጆን ሮክፌለር አማካሪ የነበሩት ፍሬድሪክ ጌትስ በ1897 ይህን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አንብበው፣ ሕክምና ይህን ያህል የማያውቀው ነገር እንዳለ ሲረዱ ደነገጡ። ያ ንባብ ሮክፌለር በ1901 በኒው ዮርክ የሕክምና ምርምር ተቋም እንዲመሠርቱ መነሻ ሆነ።

የሚጠብበው ቆዳ

ኦስለር ፈውስ የለውም ከሚሏቸው ደዌዎች አንዱ ስክለሮደርማ ነበር። ይህ ሕመም በሕክምና ጽሑፍ ውስጥ መታወቅ የጀመረው በ1753 በኔፕልስ፣ ቆዳዋ እየጠነከረ ስለሄደ አንዲት ወጣት ሴት በተጻፈ ዘገባ ነው። በ1862 ደግሞ ፈረንሳዊው ሐኪም ሞሪስ ሬይኖ በብርድ ወይም በድንጋጤ ጣቶች በድንገት ነጭ፣ ቀጥሎም ሰማያዊ፣ በመጨረሻም ቀይ የሚሆኑበትን ክስተት ገለጹ። የስክለሮደርማ ሕመምተኞች አብዛኞቹ ይህ የጣት ቀለም መለዋወጥ አለባቸው። ብዙ ጊዜም ከሌሎቹ ምልክቶች ሁሉ ቀድሞ ይመጣል።

ኦስለር በ1898 ባወጡት ጽሑፍ በእጃቸው ያለፉ የስክለሮደርማ ሕመምተኞችን ታሪክ ተርከዋል። የፊት ቆዳ ይወጠራል፤ የፊት ገጽታ ስሜትን መግለጽ ይሳነዋል። አፍ ይጠብባል። ጣቶች ታጥፈው ይቀራሉ። ሰውየው በገዛ ቆዳው ውስጥ እንደ ታሰረ ይሆናል። ኦስለር ይህን ከሰው ልጅ ደዌዎች እጅግ አስፈሪ ከሆኑት መካከል ቆጠሩት። በግሪኮች አፈ ታሪክ ውስጥ ዘላለማዊ ሕይወት ተሰጥቶት ወጣትነት የተነፈገውን፣ ሳይሞት እየደረቀና እየኮሰመነ የሄደውን ቲቶነስን አስታወሳቸው።

በዚያን ጊዜ ከእንስሳት የታይሮይድ ዕጢ የሚጨመቅ መድኃኒት ለሌላ ሕመም ድንቅ ውጤት አሳይቶ ስለነበር፣ ኦስለር ለስክለሮደርማ ሕመምተኞቻቸውም ሞከሩት። የተፈለገው ፈውስ ግን አልተገኘም።

ኦስለር ከቆዳው መጠንከር ባሻገር ሕመሙ መላ ሰውነትን የሚነካ መሆኑን ተረድተው ነበር። ዛሬ ሲስተሚክ ስክለሮሲስ የሚለው ስም የተሰጠው ለዚህ ነው፤ መላ ሰውነትን የሚያዳርስ ጠባሳ እንደማለት ነው። የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን ያጠቃል። ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጎዳሉ። በቆዳ፣ በምግብ ቧንቧ፣ በሳንባ፣ በልብና በኩላሊት ውስጥ ጠባሳ ይጋገራል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን በብዛት ያጠቃል።

ነስርና ነጠብጣብ

ኦስለር በ1901 የገለጹት የነስር ሕመም ደግሞ ከዚህ የራቀ ይመስል ነበር። ከእርሳቸው በፊት በ1896 የፓሪሱ ሐኪም አንሪ ሬንዱ፣ አዘውትሮ የሚነስረውና ቆዳው ላይ ቀያይ ነጥቦች ያሉበት ሕመምተኛ ገጥሟቸው፣ ይህ ሕመም ደም ካለመርጋት ከሚመጣው ከሂሞፊሊያ የተለየ ነው ብለው ነበር። በ1907 በለንደን ፍሬድሪክ ፓርክስ ዌበር ተጨማሪ ሕመምተኞችን ገለጹ። ሕመሙ ኦስለር፣ ዌበርና ሬንዱ በሚሉት ስሞች ተጣምሮ ሲጠራ ኖሯል።

እነዚያ ቀያይ ነጠብጣቦች በሕክምና ቋንቋ ቴላንጂኤክቴዢያ ይባላሉ። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን፣ ከልብ ርቀው ጫፍ ላይ ያሉ የደም ሥሮች መለጠጥ ማለት ነው። በቆዳው የላይኛው ክፍል ሥር የሚገኙት እጅግ ቀጫጭን የደም ሥሮች ሰፍተው፣ ደም ሞልቷቸው ከውጭ ይታያሉ። በጣት ሲጫኗቸው ይደበዝዛሉ፤ ሲለቋቸው ደም ተመልሶ ይሞላቸዋል። አያሳክኩም፤ አያምሙም። ሰው ችላ የሚላቸውም ስለዚህ ነው።

ኦስለር እነዚህን ነጥቦች ማየት የቻሉት በልዩ መሣሪያ አልነበረም። ነስሩን ለማቆም ከመሞከር አልፈው የሰውየውን ፊት ትኩር ብለው ስላዩ፣ አፉን አስከፍተው ምላሱን ስለተመለከቱና ስለ ወላጆቹ፣ ስለ ወንድሞቹና ስለ እህቶቹ ስለጠየቁ ነው። በቤተሰብ ውስጥ የሚሄደው ይህ ሕመም በሳንባ፣ በጉበትና በአንጎል ውስጥም ያልተገባ የደም ሥር መገናኛ ሊፈጥር እንደሚችል ኋላ ላይ ታውቋል። ስለዚህ ከንፈር ላይ የታየችው ነጥብ አንጎልን ከአደጋ የምታድን ማስጠንቀቂያ ልትሆን ትችላለች።

ኦክስፎርድ፣ ዝናና ኀዘን

በ1905 ኦስለር በእንግሊዝ ንጉሥ የሚሰጠውን የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፕሮፌሰርነት ተቀብለው አሜሪካን ለቀቁ። ስንብታቸው ግን ያልጠበቁትን ውርጅብኝ አስከተለ። የ55 ዓመቱ ኦስለር በመሰናበቻ ንግግራቸው የሰው ልጅ ታላላቅ ሥራዎች ከ40 ዓመት ዕድሜ በፊት የሚሠሩ ናቸው አሉ። ከአንድ ልቦለድ የተወሰደ ቀልድ ጨምረውም ሰው 60 ሲሞላው በክሎሮፎርም ቢሰናበት ብለው ተሳለቁ። ጋዜጦች ቀልዱን እንደ ምክር ቆጥረው በአገሩ ሁሉ ነዙት። አረጋውያን ተቆጡ፤ ኦስለርም ለዓመታት የማይረሱት ትዝብት ተረፋቸው።

በኦክስፎርድ የነበራቸው ቤት ከአሜሪካና ከካናዳ ለሚመጡ ወጣት ሐኪሞች የተከፈተ ነበር። በ1911 መጀመሪያ ወደ ግብፅ ተጉዘው በአባይ ወንዝ ላይ ተንሸራሽረዋል፤ በዚያው ዓመትም የባሮኔት ማዕረግ ተሰጣቸው። የጥንት የሕክምና መጻሕፍት መሰብሰብ የዘወትር ፍቅራቸው ነበር።

ስለ ኦስለር የሚነገረው ሁሉ ግን ውዳሴ አይደለም። በቅርብ ዓመታት ተመራማሪዎች ጽሑፎቻቸውን እንደገና ሲመረምሩ፣ በቀልድ ስም የጻፏቸው ስለ ካናዳ ቀደምት ሕዝቦች የሚናገሩ ጽሑፎች ክብርን የሚነኩ መሆናቸውን አሳይተዋል። ነጭ ያልሆኑ ሰዎች ወደ ካናዳ መግባታቸውን በተመለከተ የሰነዘሯቸው አስተያየቶችም ተነቅፈዋል። ሰውን በአልጋው አጠገብ በዚያ ትኩረት ያዩ የነበሩት ሐኪም፣ ከሩቅ ያሉትን ሕዝቦች በዘመናቸው ጭፍን ሚዛን መዝነዋቸዋል።

ኦስለር በ1892 ያገቡት ባለቤታቸው ግሬስ ሪቪር የመጀመሪያ ልጃቸውን በተወለደ በሳምንቱ አጥተው ነበር። በ1895 መጨረሻ የተወለደው ሁለተኛው ልጃቸው ኤድዋርድ ሪቪር ብቸኛ ልጅ ሆኖ አደገ። ዓሣ ማጥመድና መጻሕፍት የሚወድ፣ ጦርነት የማይስማማው ወጣት ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ መጀመሪያ በመጊል ዩኒቨርሲቲ የተደራጀውን የጦር ሜዳ ሆስፒታል ተቀላቀለ፤ ኋላም ወደ ብሪታኒያ መድፈኛ ጦር ተዛወረ።

በነሐሴ 1917 በቤልጅየም፣ ኢፕር አካባቢ በተደረገው ውጊያ የመድፍ ፍንጣሪ አቆሰለው። በአቅራቢያው በነበረ የጦር ሜዳ ሕክምና ጣቢያ ከተረባረቡት አሜሪካውያን ቀዶ ሐኪሞች መካከል የአባቱ ወዳጅ ሃርቪ ኩሺንግ ይገኙበት ነበር። ሊያድኑት አልቻሉም። ሪቪር በ21 ዓመቱ በማግስቱ ነሐሴ 30 ሞተ፤ በዚያው ተቀበረ።

ኦስለር በአደባባይ እንደ ቀድሞው ሕመምተኞችን መጎብኘታቸውንና እንግዳ መቀበላቸውን ቀጠሉ። የቅርብ ሰዎቻቸው ግን ከዚያ በኋላ ያ የጨዋታ መንፈስ ከውስጣቸው እንደ ራቀ መስክረዋል። በ1919 መኸር ላይ ብርድ መታቸው፤ ሕመሙ ወደ ሳንባ ምች ተለወጠና መግል ቋጠረ። ለአሥርት ዓመታት ያስተማሩትን ደዌ በራሳቸው ደረት ውስጥ ተከታተሉት። ታኅሣሥ 29 ቀን 1919 በ70 ዓመታቸው በኦክስፎርድ አረፉ። ወደ 8 ሺሕ የሚጠጉ መጻሕፍታቸውን ለመጊል ዩኒቨርሲቲ አወረሱ። አመዳቸውም በዚያው፣ በመጻሕፍታቸው መካከል ተቀምጧል። ኩሺንግ የጻፉት የሕይወት ታሪካቸው በ1926 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ።

ሁለቱ ጽሑፎች ሲገናኙ

ኦስለር ከሞቱ 45 ዓመት ሆኖ ነበር። በ1964 በጆንስ ሆፕኪንስ የሕክምና ተማሪ የነበሩት ሪቻርድ ዊንተርባወር፣ ኦስለር የ1901 ጽሑፋቸውን ባወጡበት መጽሔት ላይ ሌላ ጽሑፍ አሳተሙ። የተመለከቷቸው ሕመምተኞች በፊታቸው፣ በከንፈራቸውና በእጃቸው ላይ የሰፉ የደም ሥሮች ነበሩባቸው። ሲታዩ ኦስለር የገለጹት በቤተሰብ የሚተላለፍ ሕመም ያለባቸው ይመስሉ ነበር።

ይሁን እንጂ ጣቶቻቸው በብርድ ይነጣሉ፤ የጣታቸው ቆዳ ጠንክሯል፤ ከቆዳቸው ሥር የካልሲየም ጥጥሮች ተቋጥረዋል። ሕመሙ ኦስለር በ1901 የጻፉለት ሳይሆን በ1898 የጻፉለት፣ ያውም መለስተኛው የስክለሮደርማ ዓይነት ነበር። ኋላ ላይ የምግብ ቧንቧ መስነፍም በምልክቶቹ ዝርዝር ተጨመረ። የአምስቱ ምልክቶች የእንግሊዝኛ የመጀመሪያ ፊደላት ተገጣጥመውም ክረስት የሚለው ስም ወጣ።

ይህ ልዩነት የስም ብቻ አይደለም። በቤተሰብ የሚተላለፈው ሕመም ያለበት ሰው ልጆቹም ሊመረመሩ ይገባል፤ ለነስሩና በሳንባና በአንጎል ውስጥ ላሉት የደም ሥር መገናኛዎችም ክትትል ያስፈልገዋል። ስክለሮደርማ ያለበት ሰው ደግሞ የሚያሰጋው ሌላ ነው፦ የሳንባ ጠባሳ፣ በሳንባ የደም ሥሮች ውስጥ የሚነሳ ግፊት፣ የምግብ ቧንቧ መድከም። አንዱን ነጥብ አይቶ ሌላውን ደዌ መገመት ሕመምተኛውን ወደተሳሳተ መንገድ ይመራዋል።

በስክለሮደርማ ውስጥ ነጠብጣቦቹ ለምን ይወጣሉ ቢባል፣ መልሱ በደም ሥሮቹ ጉዳት ላይ ነው። ሕመሙ ቀጫጭን የደም ሥሮችን አንድ በአንድ ያጠፋል። የቀሩት ደግሞ እየሰፉ ይለጠጣሉ። ይህ ጉዳት በጥፍር ሥር ባለው ቆዳ ላይ በማጉያ መነጽር ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ፊት ላይ የሚታየው ነጥብ ከውስጥ እየሆነ ስላለው የደም ሥር ውድመት የሚነግር የውጭ ምስክር ነው።

በ2010 በዚያው በጆንስ ሆፕኪንስ ያሉ ተመራማሪዎች የስክለሮደርማ ሕመምተኞችን ነጠብጣቦች ቆጥረው ከልባቸውና ከሳንባቸው ሁኔታ ጋር አነጻጸሩ። ነጠብጣቦቹ በበዙ ቁጥር በሳንባ የደም ሥሮች ውስጥ ከፍተኛ ግፊት የመኖሩ ዕድልም ከፍ ብሎ ተገኘ። ይህ ግፊት የልብን ቀኝ ክፍል እያደከመ የሚገድል፣ ቀድሞ ከተደረሰበት ግን ሊታከም የሚችል ችግር ነው። በ2013 የአሜሪካና የአውሮፓ የመገጣጠሚያና የአጥንት ሕመም ሐኪሞች ማኅበራት ባወጡት የሲስተሚክ ስክለሮሲስ መለያ መስፈርት፣ ለበሽታው ከሚያስፈልገው 9 ነጥብ ውስጥ ለእነዚህ የሰፉ የደም ሥሮች 2 ነጥብ ተሰጥቷቸዋል።

ተመሳሳይ የሰፉ የደም ሥሮች በጨጓራ ግድግዳ ላይ ሲወጡ ደግሞ ቀስ በቀስ ይደማሉ። ሕመምተኛው ደም ሲወጣው ሳያይ ደም ማነስ ይይዘዋል፤ ይደክመዋል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል። ከንፈሩ ላይ ያሉትን ነጥቦች ያስተዋለ ሐኪም ግን ጨጓራውንም እንዲመረመር ሊያደርግ ይችላል።

በጥቁር ቆዳ ላይ

ኦስለርም ሆኑ ተከታዮቻቸው የጻፏቸው ገለጻዎች በአብዛኛው የነጭ ቆዳን መልክ መሠረት ያደረጉ ናቸው። በመማሪያ መጻሕፍት የሚታዩት ሥዕሎችም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ነበሩ። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቀዩ ነጥብ በቀላሉ አይለይም። ወደ ቡናማ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ሊያደላ፣ አልያም በቆዳው ቀለም ውስጥ ሊሰወር ይችላል።

በዚህም ምክንያት በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ ላለ ሐኪም የት መመልከት እንዳለበት ማወቁ ይጠቅመዋል። የከንፈር ውስጠኛ ክፍል፣ ምላስ፣ መዳፍና የጣቶች ውስጠኛ ገጽ ቀለማቸው ፈካ ያለ በመሆኑ ነጠብጣቦቹ በእነርሱ ላይ ይበልጥ ይታያሉ። ጥሩ ብርሃን ያስፈልጋል። በጣት ወይም በመስታወት ቁራጭ ተጭኖ መደብዘዙን ማየትም ይረዳል። በጥቁር ቆዳ ላይ ስክለሮደርማ ሌላ ምልክትም ያሳያል፦ ቆዳው በአንዳንድ ቦታ ቀለሙን ያጣና በጸጉር ሥሮች ዙሪያ ብቻ ጥቁር ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይቀራል፤ ጨውና ቁንዶ በርበሬ የተበተነበት ይመስላል። ይህን ለምጽ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው።

ፊት ላይ የታየ ቀይ ነጥብ ሁሉ የዚህ ደዌ ምልክት አይደለም። የፀሐይ ብዛት፣ እርግዝና፣ የጉበት ሕመምና ዕድሜም የደም ሥሮችን ያሰፋሉ። ነጥቦቹ ከሌላ ነገር ጋር ሲመጡ ግን፣ ማለትም ጣቶች በብርድ ሲነጡ፣ የጣት ቆዳ ሲያብጥ ወይም ሲጠነክር፣ ምግብ ሲውጡ ሲያዝ፣ ዳገት ሲወጡ ከወትሮው በላይ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ይገባል።

ነጠብጣቦቹን በሌዘር ጨረር ማደብዘዝ ይቻላል፤ በመዋቢያ ቅባት መሸፈንም እንዲሁ። ብዙ ሕመምተኞች በተለይም ሴቶች በፊታቸው ለውጥ ከሰው ፊት መቅረብ ስለሚከብዳቸው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ነጥቡን መሸፈን ደዌውን መከታተል አይተካም። ስክለሮደርማ እስካሁን ሙሉ ፈውስ ባይኖረውም፣ ኩላሊትን፣ ሳንባንና የምግብ ቧንቧን ከከፋ ጉዳት የሚጠብቁ መድኃኒቶች ኦስለር ካለፉ በኋላ ተገኝተዋል።

ኦስለር ለስክለሮደርማ ሕመምተኞቻቸው ሊሰጡት የሚችሉት መድኃኒት አልነበራቸውም። የሰጡት ትኩር ብሎ ማየትንና ያዩትን በታማኝነት መጻፍን ነው። ከ1898 እና ከ1901 ጽሑፎቻቸው መካከል የቀረውን ክፍተት የሞላው፣ የሕመምተኛን ፊትና እጅ አቅርቦ ማየት በተለመደበት ቤት ያደገ አንድ ተማሪ ነበር። ያ ምርመራ ዛሬም ቢሆን ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ጥቂት ደቂቃ፣ ጥሩ ብርሃንና የሕመምተኛውን እጅ ይዞ የሚጠይቅ ሰው ይበቃዋል።